«ገደሉኝ» ያለው ሐኪም

ሐኪሙ የክሊኒኩ የእጅ መታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ በጎኑ ወድቋል። የራስ ቅሉ ከግራ ጆሮው በላይ ሰርጉዷል። ምቱን ለመከላከል ያነሳው ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰብሮ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ተጣሟል። ቧንቧው ሳይዘጋ ስለቆየ ውሃው ከገንዳው ሞልቶ ፈሷል፤ ደሙም ከውሃው ጋር ቀጥኖ እስከ ኮሪደሩ በር ድረስ ሄዷል። በሩ ከማጠፊያው ተገንጥሎ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል።

መርማሪዋ ደሙን ላለመርገጥ ግድግዳውን ታካ ገባች። በጣቢያው «ወንፊት» ይሏታል። ሰው ሲያወራ አታቋርጥም፤ ወሬው ሁሉ ያልፍና ጠጠሩ እሷ ዘንድ ይቀራል።

«ደረስሽ? ሥራው እንኳን አልቋል» አሏት የጣቢያው አዛዥ።

«ምኑ ነው ያለቀው ጌታዬ?»

«ሦስት ጎረምሶች ናቸው። በሩን ገንጥለው ገቡና እንደ እባብ ቀጠቀጡት። ስንደርስ አንደኛው ሬሳውን ታቅፎ ነበር፤ እስከ ክርኑ ደም በደም። ጠዋት ደግሞ ሐኪሙ የዚህ ልጅ እናት ላይ ሲጮህ፣ ልጁ በሰው ፊት “እናቴ አንድ ነገር ብትሆን እገድልሃለሁ” ብሎታል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ፎቶግራፍ?»

«የተመታበትን ነገር እፈልጋለሁ።»

«ጥለውታል።»

«የት?»

ወንፊት ጎንበስ ብላ የተገነጠለውን በር አየች። መቀርቀሪያው እንደተቀረቀረ ከነብሎኑ ከመቃኑ ተነቅሏል። በሩን ከውስጥ የዘጋው ሰው አልከፈተውም ማለት ነው። ክፍሉ ሌሎች ሁለት በሮች ነበሩት። አንዱ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል፣ ሌላው መሣሪያ በእንፋሎት ወደሚቀቀልበት ክፍል ያስገባሉ። ሁለቱም መቆለፊያ የላቸውም።

«እናቲቱስ?» አለች።

«ሐኪሙ ከትከሻዋ እጢ ያወጣላት እሷ ናት። ተኝታ ነበር። ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ሰምታለች። ሐኪሙ “ገደሉኝ!” ብሎ ሲጮህ ሰምቻለሁ አለች። ገደለኝ አይደለም፤ ገደሉኝ። ብዙ ናቸው ማለት ነው። ልጇን በገዛ አፏ አሳሰረችው፣ ምስኪን።»

እናትየው ማገገሚያው ክፍል ትከሻዋ ተጠቅልሎ ተጋድማለች። ገና አርባዎቹ ውስጥ ናት፤ ያን ዕለት ግን ፊቷ የአሮጊት ፊት ሆኖ ነበር። መርማሪዋ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ቀድማ የጠየቀችው እናትየው ናት።

«ልጄን መቱት?»

ወንፊት ልትዋሻት አልፈለገችም። «መትተውታል።»

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። «ልጄን የሚያድነው ምን ብል ነው? ንገሪኝና ያንኑ ልበል። እማጸንሻለሁ እህቴ።»

«የሰሙትን ብቻ ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው።»

«መጀመሪያ ጆሮዬ ነቃ። ዓይኔ እምቢ አለ፣ እጄ እምቢ አለ። ሞቼ የምሰማ ነው የመሰለኝ። ከግድግዳው ወዲያ ሰዎች ያወራሉ፤ ቃሉ አይለይም፤ ቀስ ብለው ነው። ከዚያ ድው አለ። እንጨት የሚፈለጥ ነው የሚመስለው። ደግሞ ድው። ሐኪሙ “ገደሉኝ!” ብሎ ጮኸ። እኔ ልጮህ እፈልጋለሁ፤ አፌ የእኔ አይደለም። አለቀስኩ። ከዚያ እዚህ ጆሮዬ ሥር ሰንሰለት የመሰለ ነገር ቅጭል አለ። ከዚያ በኋላ ነው በሩ የተሰበረው። ልጄ “እማዬ!” ሲል ሰማሁ።»

«በሩ የተሰበረው ከጩኸቱ በኋላ ነው?»

«በኋላ! ለአዛዡ ስነግራቸው “ገደሉኝ” ያለውን ጻፉ። የቀረው የመድኃኒት ቅዠት ነው አሉኝ።» መርማሪዋን እጇን ያዘቻት። «ሁሉም ቅዠት ነው ልበላ? ምንም አልሰማሁም ብል ይፈቱታል?»

«አይበሉ።»

«ያድነዋል ብለሽ ነው?»

«አላውቅም። ግን እውነቱን ከጣልነው የምንይዘው ነገር አይኖረንም።»

እናትየው እጇን ለቀቀቻት። «አንቺ ልጅ የለሽም» አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያው ዕቃቸውን ያስተካክላሉ። ክሊኒኩ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ጸጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ ቁመናቸው ግን አሁንም ሰልፍ ላይ ያሉ ያስመስላቸዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነው። ሟቹን ሐኪም ገና ተማሪ ሳለ መርፌ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ከሴትዮዋ ራስ አጠገብ አልተነሳሁም» አሉ። «ቀዶው አለቀ፤ ሐኪሙ ሊታጠብ ወጣ፤ ነርሷ መሣሪያውን ይዛ ሄደች። እኔ እስክትነቃ መጠበቅ ነው ሥራዬ። ጩኸቱንና የበሩን መሰበር አንድ ላይ ሰማሁ። ብድግ ብዬ ስገባ ጎረምሶቹ ላዩ ላይ ነበሩ።»

«እሷ ጩኸቱን ሰማሁ ትላለች።»

ጋሼ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይህቺ ሴት እንደ ድንጋይ ተኝታ ነበር። መድኃኒቱን በኪሎዋ ነው የሰጠኋት፤ ኪሎ አይዋሽም። ስንቱን ወታደር አስተኝቻለሁ፤ ሳልፈቅድለት የነቃ የለም።»

«አላለቀሰችም?»

«ድንጋይ ያለቅሳል?»

«ትንፋሿና የልብ ምቷስ?»

«ንቅንቅ አላሉም። ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም።»

በሽተኛው ከሚተኛበት አልጋ ራስጌ የኦክስጂን ሲሊንደር ቆሟል። አንገቱ ላይ የክንድ ያህል የሚረዝም የብረት መፍቻ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሰንሰለቱ ጫፉ ላይ ካለው መንጠቆ የሚላቀቅ ነው።

«ይህስ?»

«የሲሊንደሩ መክፈቻ ነው። ከዚያ ቦታ አይጠፋም። ኦክስጂን ቢያልቅና መፍቻ ፍለጋ ብትሄጂ የምታገኚው በሽተኛ ሳይሆን ሬሳ ነው።»

ወንፊት መፍቻውን በእጇ መዘነችው። ከዚያ ከትሪው ላይ ጥጥ አንስታ በሰንሰለቱ ቀለበቶች መካከል አሻሸችው፤ በወረቀትም ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው መርፌ ይቆጥሩ ነበር።

እንፋሎት ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘች። ነርሷ የቆሸሹ ጨርቆች ትለያለች፤ ከንፈሯ አብጧል። የክሊኒኩን ዕቃ የሚጠግኑት የሐኪሙ አማት፣ የሚስቱ አባት፣ ደግሞ የማምከኛው ድስት ሥር ተንበርክከው ብሎን ያጠብቃሉ።

«ከንፈርሽን ምን ነካው?»

«መቆንጠጫ ወረወረብኝ» አለች ነርሷ። «ዘገየሽ ብሎ። ነፍሱን ይማር ልበል እላለሁ፤ አፌ ግን ያመኛል።»

አማቱ ከሥር ሆነው ሳቁ፤ ሳቃቸው ደስ አይልም። «እኔ እንደ እሷ አላፍርም። ልጄን ፊቷን እያበላሸ ወደ እኔ የሚልክልኝ ሰው ነው። ሲሞት አላለቀስኩም። እንዲያውም ይህ ድስት ባይጮህ ኖሮ ሲቀጠቀጥ እሰማ ነበር።»

«አባባ፣ እንዲህ አይበሉ! ይይዙዎታል!» አለች ነርሷ።

«ይያዙኛ! አማቱ ነኝ፤ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ መርማሪ? “አንተ ሽማግሌ፣ ብሎንህን እሰር!” ይለኛል። በሰው ፊት።»

«ሁሉንም አንተ አንቺ ነው የሚለው» አለች ነርሷ። «አንድ ጊዜ ከንቲባው መጥተው “ሱሪህን አውልቅ” አላቸው። ጠባቂያቸው ሽጉጡን ሊያወጣ ምንም አልቀረው። የሚፈራው ጋሼን ብቻ ነበር፤ አስተማሪው ስለሆኑ።»

«ከጋሼ ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

ነርሷ እጇ ላይ ያለውን የትራስ ልብስ አጣጠፈች፤ ፈታች። «ባለፈው ሰሞን አንድ አዛውንት ለትንሽ ቀዶ ገብተው አልነቁም። እኛን ሰደበን፣ ትሪ ወረወረብን። ጋሼን ግን ወደ ጎን ወስዶ ቀስ ብሎ ነው ያናገራቸው።»

«አንቺ ሲጮህ የት ነበርሽ?»

«ዕቃ ግምጃ ቤት፤ ፋሻ ላመጣ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ፋሻው» አለች ነርሷ፤ ወዲያው ግን ቀልዷ ራሷን አስደነገጣት።

«ያ የያዝሽው የማን ትራስ ነው?»

«የሴትዮዋ። በእንባ ርሷል። ዓይኗ ላይ የለጠፍነው ፕላስተር እንኳ ርሶ ለቆ ነበር።»

ወንፊት ከዚያ ወጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች። እዚያ የማደንዘዣ ክፍሉን የምትመራ፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፍ ሐኪም አለች።

«በኪሎ ብቻ?» አለች ሐኪሟ። «ኪሎ መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። የአዛውንት ሰውነት መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያስወጣው፤ አንጎላቸውም በትንሹ ይሸነፋል። ለጎረምሳ የሚበቃውን ለሽማግሌ ብትሰጪ ልትገድዪው ትችያለሽ። ሕፃን ደግሞ በኪሎው ሲሰላ ከአዋቂ ይበልጥ የሚፈልግበት ጊዜ አለ።»

«ሴትና ወንድስ?»

«ይለያያሉ። ሴቶች ባብዛኛው ከወንዶች ቀድመው ይነቃሉ፤ በተለይ ያላረጡት። በቀዶ መካከል ነቅቶ የመስማቱ ነገርም እነሱ ላይ ይበዛል። ለወንድ የሠራ ልክ ለሴት ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው አንድ ቀን ይደነግጣል።»

«ስለዚህ ይህቺ ሴት ነቅታ ነበር ልበል?»

«ትችላለች ነው የምልሽ። ሰው እንደ ሰው ነው፤ ይህንን እንደ ሚዛን ድንጋይ ፍርድ ቤት እንዳታስቀምጪው። ግን አጠገቧ የተቀመጠ ባለሙያ ስትነቃ ያያታል። ልቧ ይሮጣል፣ ትንፋሿ ይለወጣል፣ እንባዋ ይወርዳል። ይህንን ያላየ ሰው ወይ ዕውር ነው፣ ወይ እዚያ አልነበረም።»

ወንፊት ጣቢያ ስትመለስ በር ጠባቂው ከሩቅ ጠራት።

«ቶሎ ግቢ፣ ይፈልጉሻል!»

«እነማን?»

«እነማን ትላለች እንዴ! አዛዡ ናቸዋ። ሲቆጡ ጣሪያው ሊነሳ ነው።»

ወንፊት ደረጃው ላይ እንደቆመች ቀረች። ጠባቂው «ምነው፣ አመመሽ?» እስኪላት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ሮጣ ወጣች። አዛዡ ገና ሳይናገሩ «ጌታዬ፣ ሁሉንም ክሊኒኩ ይሰብስቡልኝ፤ ልጆቹንም ጭምር» አለቻቸው።

ደሙ ታጥቦ በተጸዳው የእጅ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ጋሼ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ነርሷና አማቱ ከእንፋሎት ክፍሉ በር አጠገብ ናቸው። እናትየው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልጇና ሁለት ጓደኞቹ እጃቸው በካቴና ታስሮ ገቡ። የልጁ አንድ ዓይን አብጦ ተዘግቷል፤ የፊት ጥርሱ የለም። እናትየው ስታየው ድምፅ አላወጣችም፤ የወንበሩን እጀታ ብቻ ጨመደደችው።

«አሳጥሪው» አሉ አዛዡ።

«አሳጥራለሁ። ጌታዬ፣ ከእኚህ እናት ቃል ግማሹን ወስደው ግማሹን ጥለዋል። “ገደሉኝ” ሲባል የሰማ ጆሮ በሩ ሲሰበርም ይሰማል። ወይ ሙሉውን ይውሰዱ፣ ወይ ሙሉውን ይተዉ።»

«ተኝታ ነበር!» አሉ ጋሼ።

«የእንባው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ነርሷ የእኚህን እናት ትራስ ርሶ አገኘችው። ሰው ተኝቶ ትራስ እስኪርስ አያለቅስም። ነቅተዋል፤ ሰምተዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተላቸውን እንቀበል። ምቱ፣ ጩኸቱ፣ ሰንሰለቱ፣ በመጨረሻም በሩ። ሐኪሙ ሲጮህ በሩ ገና እንደተቀረቀረ ነበር። ልጆቹ ከኮሪደሩ ሰምተው ነው የገነጠሉት። ደም የነካቸው ስላነሱት ነው። ጋሼንም ደም ነክቷቸዋል፤ እሳቸውም አንስተውታል፤ እሳቸውን ግን አላሰርንም።»

አዛዡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፤ ገዳዩ ውስጥ ነበር እንበል። “ገደሉኝ” ብሏልኮ! ስንት ሰው ውስጥ ተደብቆ ነበር?»

«አንድ። ጌታዬ፣ ዛሬ በር ጠባቂው “ይፈልጉሻል” አለኝ። እነማን ብዬ ጠየቅሁ። ለካ እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ብዙ ሰው ነዎት?»

ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቀ፤ የተሰነጠቀ ከንፈሩ አመመውና አቆመ።

«ሐኪሙ ነርሷን አንቺ፣ አማቱን አንተ ነበር የሚለው» ብላ ቀጠለች። «ከንቲባውን እንኳ አንተ ብሏል። ነርሷ ብትመታው “ገደለችኝ”፣ አማቱ ቢመቱት “ገደለኝ” ይል ነበር። እዚህ ቤት በአክብሮት የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞሩ።

«በቃል ሰው ይታሰራል?» አሉ ጋሼ።

«በቃል ብቻ አይታሰርም። ሦስቱ ልጆችም በቃል ነበር የታሰሩት።» ወንፊት ከሲሊንደሩ አላቃ ያመጣችውን የኦክስጂን መፍቻ ከቦርሳዋ አውጥታ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። «ብረቱ ታጥቧል። የሰንሰለቱ ቀለበቶች ግን በደንብ አልታጠቡም፤ ጥጤ ቀይ ሆኖ ወጣ። የራስ ቅሉ ላይ ያለው ስርጉድም በዚህ ጫፍ ልክ ነው። ይህ መፍቻ ከሴትዮዋ ራስጌ አይጠፋም ብለውኛል። ከዚያ ተነስቶ ሰው ገድሎ፣ ታጥቦ፣ ተመልሶ ጆሯቸው ሥር ቅጭል ብሎ ሲሰቀል፣ እርስዎ ዓይንዎን ሳይነቅሉ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ማን ወሰደው?»

ጋሼ መፍቻውን አዩት።

«እዚያ አልነበሩም» አለች። «እዚያ ቢሆኑ ኖሮ ሴትዮዋ ሲነቁ ያዩ ነበር። አይነቁም ብለው ትተዋቸው ሄዱ፤ ምክንያቱም ልክዎ ሁሉ የወጣው ከወታደር ነው። ከወጣት ወንድ። በዚያው ልክ አዛውንቱን አስተኙና አልነቁም። በዚያው ልክ እኚህን እናት አስተኙና ቀድመው ነቁ። አንዱ ስህተት ሐኪሙን ወደ እርስዎ አመጣው፤ ሌላው እኔን።»

ሽማግሌው ያጣጠፉትን ክንዳቸውን ፈቱ። «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ በዝቅተኛ ድምፅ። «ሁሉን እንደሚሰድበው ቢሰድበኝ! የሴትዮዋ ቁስል ሲሰፋ ጣቷ ተንቀሳቀሰ ብሎ ጠራኝ። እጁን እየታጠበ፣ ሳያየኝ፣ “ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ አይነኩም። ነገ ለሙያ ቦርዱ እናገራለሁ። ይረፉ” አለኝ። ይረፉ! ሄጄ መፍቻውን አመጣሁ። መጀመሪያ ስመታው እንኳ ዞሮ ሲያየኝ ያመነ አይመስልም ነበር።»

ከዚያ ማንም ያላሰበውን አደረጉ። መፍቻውን ከመታጠቢያው ጠርዝ መንጭቀው ወደ እናትየው ወንበር ተወረወሩ። «ተኚ ብዬሽ ነበር!» እያሉ እጃቸውን አነሱ። ወንፊት ልብሳቸውን ብትይዝም አመለጣት። ልጁ ግን ቀደማቸው። በካቴና የታሰሩ እጆቹን ከእናቱ ራስ በላይ ዘረጋ። ብረቱ ካቴናውን አልፎ ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቹን አገኛቸው፤ የአጥንቱ መሰበር በክፍሉ ሁሉ ተሰማ። አማቱና አዛዡ ሽማግሌውን ወለሉ ላይ ጣሏቸው።

«ማን ግባ አለህ?» እያለች እናትየው ልጇን በደህና እጇ ደረቱን ትደበድበው ነበር። «ማን ግባ አለህ? እኔ አንዴ ተቀድጃለሁ!»

ምቱ ያጣመመውን ካቴና በመጋዝ ቆርጠው አወጡለት። አጥንቱን ለማስተካከል ልጁን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዱት። እጇን የምታወናጭፈው ሐኪም መርፌውን ስታዘጋጅ እናትየው ፊቷ ተገተረች።

«ስንት ነው የምትሰጪው?»

«የሚበቃውን ነው እናቴ።»

«በኪሎው ነው? ዕድሜውን ጠየቅሽው? ወንድ መሆኑን ጽፈሻል? ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም፤ ያንንም ጻፊ።»

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች፤ አጠገቧም ተቀመጠች። «ወጣት ነው፤ ወንድ ነው። ከእርስዎ ይልቅ ዘግየት ብሎ ሊነቃ ይችላል፤ አይደንግጡ። ከራስጌው አልነሳም። እርስዎም አይነሱ።»

አልተነሳችም። እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ፣ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያለች ተቀመጠች። ወንፊት ወንበር አመጣችላት፤ ለራሷም አንድ ሳበች። እናትየው ዞር ብላ አየቻትና ቦታ ለቀቀችላት። ሐኪሟ «አሁን ይነቃል» ብላም ልጁ አልነቃም። ጥቂት ቆየ። እናትየው ስሙን ጠራች፤ ደግማ ጠራች።

ልጁ ደህናውን ዓይኑን ገለጠ። ሊነሳ ሞከረና ሁለቱም እጆቹ እንደከበዱት ተሰማው። ፊቱ በፍርሃት ተለወጠ።

«እማዬ፣ አሁንም እንደታሰርኩ ነኝ?»

«አይደለም የኔ ልጅ» አለችው። «ጄሶ ነው።»